ከቀመሩ ጀርባ

የሲቪል ልጆች፣ ሶይል ላብን ታስታውሳላችሁ? ሸክላ አፈሩን ቀለበት ውስጥ አስገብተን ክብደት እንጭናለን፤ ከዚያ በ15 ሰከንድ፣ በ30 ሰከንድ፣ በ1 ደቂቃ፣ በ2፣ በ4፣ በ8 እያልን እስከ 24 ሰዓት ንባብ እንመዘግባለን። ማታ ማን ይቆይ በሚለው ያልተጨቃጨቀ ግሩፕ አልነበረም።

ይህን ያወረሰን ካርል ቴርዛጊ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኢስታንቡል በሚገኘው ሮበርት ኮሌጅ ሲያስተምር፣ ባገኘው ቁሳቁስ በሠራቸው መሣሪያዎች ሸክላን ሲጨምቅ ከረመ። የደረሰበት ነገር ሲነገር ቀላል ነው። ውሃ የጠገበ ሸክላ ላይ ጭነት ሲያርፍ መጀመሪያ የሚሸከመው ውሃው ነው። ውሃው ቀስ እያለ ሲወጣ ሸክሙ ወደ አፈሩ ቅንጣቶች ይዞራል፤ መሬቱም ይሰምጣል። እ.ኤ.አ. በ1923 ይህን ከሙቀት ስርጭት ጋር በሚመሳሰል ቀመር አስቀመጠው። በቀመሩ መሠረት የሸክላው ውፍረት እጥፍ ሲሆን የመስመጫው ጊዜ አራት እጥፍ ይሆናል። ሕንፃ ተመርቆ ከዓመታት በኋላ የሚሰነጠቀው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው።

ክፍል ውስጥ ያልሰማነው የቪየናውን ታሪክ ነው። ቴርዛጊ በሚያስተምርበት በዚያው የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የሜካኒክስ ፕሮፌሰር የነበረው ፖል ፊሉንገር በ1936 ቲዎሪውን ብቻ ሳይሆን ሰውየውንም የሚያዋርድ ጽሑፍ አሳተመ። ጉዳዩን የሚያጣራ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ፍርዱም ለቴርዛጊ ሆነ። በመጋቢት 1937 ፊሉንገርና ባለቤቱ በገዛ እጃቸው ሕይወታቸውን አጠፉ። የሚያሳዝነው፣ በዚያው የስድብ ጽሑፍ ውስጥ አፈሩንና ውሃውን እንደ ሁለት የተጣመሩ አካላት ቆጥሮ ለየብቻ ቀመር የሰጠበት ክፍል ከዘመኑ የቀደመ ነበር። ዛሬ የዘርፉ ተመራማሪዎች ከመሥራቾቹ አንዱ አድርገው ይቆጥሩታል።

ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር የሚታወሰኝ አንድ የክፍላችን ልጅ ነው። ከኋላ ወንበር ተነስቶ «አፈሩ ሲጨመቅ ቀዳዳው ይጠብ የለ? ታዲያ ውሃ የማሳለፍ አቅሙ እንዴት ሳይለወጥ ይቀራል?» ብሎ ጠየቀ። ቀድሜ የሳቅኩት እኔ ነበርኩ፤ ክፍሉም ተከተለኝ። ልጁ ከዚያ በኋላ እጁን ሲያወጣ አላየሁም። ሥራ ከያዝኩ ስንት ዓመት በኋላ ነው ጊብሰንና ባልደረቦቹ በ1967 ያሳተሙትን ያነበብኩት። ያንኑ ጥያቄ ይዘው፣ ቴርዛጊ ቋሚ ብሎ የያዘውን እንዲለዋወጥ ፈቅደው አዲስ ቀመር አውጥተዋል።

ወንድሜ፣ ይህ መጽሔት እጅህ ከገባ፣ ጥያቄህ ትክክል ነበር። ለሪዩኒየኑ ከመጣህ ፊት ለፊት ይቅርታ ልጠይቅህ እፈልጋለሁ።