የሬዲዮ ሞገድና ጤና፦ ስለ ስልክና ስለ ታወር ማወቅ ያለብዎት መሠረታዊ ቃላት

የሬዲዮ ሞገድ ድምፅን፣ ምስልንና ጽሑፍን ያለ ሽቦ ለማስተላለፍ የሚያገለግል የኤሌክትሮማግኔቲክ ኃይል ነው። ሞባይል ስልክ፣ ኤፍኤም ሬዲዮ፣ ዋይፋይ፣ በሆስፒታልም የኤምአርአይ መሣሪያ በዚሁ ሞገድ ይሠራሉ። ታወር በተተከለበት አካባቢ ሁሉ "ጨረሩ ያሳምም ይሆን?" የሚል ጥያቄ ይነሳል። ለጥያቄው መልስ ለማግኘት ጥቂት ቃላትን ለይቶ ማወቅ ይበቃል። ምሳሌዎቻችን ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐቤቴ ደጋና ሸለቆ የተወሰዱ ናቸው።

"ጨረር" የሚለው ቃል ለምን ያደናግራል?

በአማርኛ ለራጅም፣ ለካንሰር ሕክምናም፣ ለፀሐይም፣ ለስልክም "ጨረር" እንላለን። በሰውነት ላይ የሚሠሩት ሥራ ግን አንድ ዓይነት አይደለም።

• አዮናይዝ የሚያደርግ ጨረር፦ ከአቶም ላይ ኤሌክትሮን የመንቀል አቅም ስላለው ዲኤንኤን ሊጎዳ ይችላል። ራጅ፣ ሲቲ ስካንና የካንሰር የጨረር ሕክምና ከዚህ ወገን ናቸው፤ ለዚህም ነው በሐኪም ትእዛዝና በልክ የሚሰጡት።

• አዮናይዝ የማያደርግ ጨረር፦ ይህን የማድረግ አቅም የለውም። የሬዲዮ ሞገድ ከዚህ ወገን ነው። በሰውነት ላይ የሚያደርሰው የታወቀ ጉዳት፣ መጠኑ በጣም ሲበዛ፣ ማሞቅ ነው።

የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ከሬዲዮ ሞገድ እጅግ የበለጠ ጉልበት አለው፤ ቆዳንና ዓይንን ይጎዳል። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ኃይሉ በ10 ከመቶ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው የመንዝ ደጋ ከታወሩ ይልቅ የቀትር ፀሐይ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ባርኔጣ ያድርጉ።

መሠረታዊ ቃላት

• ፍሪኩዌንሲ፦ ሞገዱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ ይገልጻል። መለኪያው ኸርዝ ነው። አንድ ሜጋኸርዝ በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ማለት ነው። ኤፍኤም ሬዲዮ ከ88 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ይሠራል፤ ሞባይል ከሚጠቀምባቸው አንዱ 900 ሜጋኸርዝ ነው።

• ዋት፦ አንቴናው የሚያወጣው ኃይል መለኪያ ነው። በ900 ሜጋኸርዝ የሚሠራ የ2ጂ ስልክ እስከ 2 ዋት ሊያወጣ ይችላል፤ ኔትወርኩ ጥሩ ሲሆን ግን ራሱ ኃይሉን እጅግ ዝቅ ያደርጋል።

• ዋት በካሬ ሜትር፦ ሰው ቆሞበት ያለ ቦታ ላይ የሚደርሰው የሞገድ መጠን ነው። ርቀት ወሳኝ ነው፦ ከአንቴናው ፊት ለፊት የሚገኝ ሰው ርቀቱን በእጥፍ ሲጨምር የሚደርሰው መጠን ወደ አንድ አራተኛ፣ በ10 እጥፍ ሲርቅ ወደ አንድ መቶኛ ይወርዳል።

• ሳር፦ ሰውነት በእያንዳንዱ ኪሎ ግራም የሚቀበለው ኃይል ነው። አዮናይዝ ከማያደርግ ጨረር ጥበቃ የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ኮሚሽን ለሕዝብ ያወጣው ጣሪያ ለጭንቅላት በኪሎ ግራም 2 ዋት፣ ለመላው ሰውነት በአማካይ 0.08 ዋት ነው።

• ዲቢኤም፦ ስልክዎ የሚቀበለው ምልክት ጥንካሬ ነው። በብዙ ስልኮች "ስለ ስልኩ" በሚለው ማስተካከያ ውስጥ ይገኛል። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ስለሆነ ማይነስ 80 ከማይነስ 110 ይሻላል። በየ10 ዲቢኤም ልዩነቱ 10 እጥፍ ነው፤ ስለዚህ ማይነስ 110 ከማይነስ 80 በ1,000 እጥፍ ይደክማል።

ታወር ከሌለበት ሰው ይልቅ ታወር አጠገብ ያለው ይጎዳል?

ብዙዎች እንዲህ ያስባሉ፤ ነገር ግን ስልክ ለሚጠቀም ሰው ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ ተቃራኒው ነው። የሞባይል ሞገድ ተራራን ዘልቆ አያልፍም። በጀማና በወንጪት ሸለቆዎች ውስጥ ሲወርዱ ኔትወርኩ የሚጠፋው ለዚህ ነው። ስልኩ ታወሩን ለማግኘት ሲቸገር የራሱን ኃይል ከፍ ያደርጋል፤ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። ስልኩ ደግሞ ያለው ጆሮዎ ላይ ነው። ታወሩ የቱንም ያህል ኃይለኛ ቢሆን ከእርስዎ ብዙ ሜትር ይርቃል፤ ዋናውን ሞገድም የሚልከው ወደ ሥሩ ሳይሆን ወደ ፊት ነው። ጭንቅላት የሚቀበለው አብዛኛው የሬዲዮ ሞገድ ከራስ ስልክ የሚመጣ ነው።

ጥናቶች ምን ይላሉ?

የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2011 የሬዲዮ ሞገድን "ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል" በሚለው ምድብ 2ቢ ውስጥ አስቀመጠ። ይህ ምድብ ማስረጃው ውስን መሆኑን ያመለክታል እንጂ ካንሰር እንደሚያመጣ መረጋገጡን አይደለም። ድርጅቱ ያስጠናውና እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ሰፊ የጥናቶች ግምገማ በሞባይል አጠቃቀምና በአንጎል ካንሰር መካከል ግንኙነት አላገኘም።

ምን ላድርግ?

• ኔትወርክ ደካማ በሆነበት ቦታ ንግግር ያሳጥሩ፤ ወይም ወደ ገላጣ ቦታ ይውጡ።
• ሲነጋገሩ የጆሮ ማዳመጫ ወይም ድምፅ ማጉያ ይጠቀሙ።
• ልብ ምት የሚያስተካክል መሣሪያ የተገጠመለት ሰው ስልኩን ከመሣሪያው ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ያርቀው፤ በደረት ኪስ አይያዝ።
• የታወሩን አጥር አይዝለሉ፤ ልጆችም እንዳይወጡበት ይጠብቁ። ከአንቴናው ፊት በቅርብ መቆም ከተፈቀደው በላይ ሞገድ ያጋልጣል፤ መውደቅና ኤሌክትሪክም ይገድላሉ። መብረቅ ሲኖር አጠገቡ አይጠለሉ።

መቼ ወደ ጤና ተቋም ልሂድ?

የራስ ምታትን "ከታወሩ ነው" ብሎ ቤት መቀመጥ አደጋ አለው። በደጋ ብርድ ምክንያት በር ተዘግቶ የሚነድ ከሰል ወይም ኩበት ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ እሳት ባለበት ቤት ውስጥ ከጀመረ፣ በተለይም ቤተሰቡን በአንድ ጊዜ ከያዘ፣ ወዲያውኑ ሁሉም ወደ ውጭ ይውጣና ሕክምና ያግኝ። የደም ግፊትም በመለካት እንጂ በመገመት አይታወቅም፤ ይለኩ።

የሚከተሉት ከታዩ ጊዜ ሳያጠፉ ይሂዱ፦

• ነፍሰ ጡር ወይም በቅርቡ የወለደች ሴት ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊት ወይም የእጅ እብጠት ካላት፤ ይህ እናትንም ልጅንም የሚገድል የእርግዝና ደም ግፊት ምልክት ሊሆን ይችላል።
• ራስ ምታት ከትኩሳትና ከአንገት መገተር ጋር ሲመጣ።
• ድንገተኛ፣ ከዚህ በፊት ያልታየ ከባድ ሕመም፣ የአካል መዛል ወይም የንግግር መያዝ ሲኖር።

ለእነዚህ ሰዎች በኪስዎ ያለው ስልክ ትልቁ ጥቅሙ አምቡላንስ መጥራቱ ነው። የወረዳዎን የአምቡላንስ ቁጥር ዛሬ ይመዝግቡ፤ ከቤትዎ አቅራቢያ ኔትወርክ የሚገኝበትንም ቦታ ቤተሰብዎ ሁሉ ይወቅ።