የስኳር ሕመምና የእግር አያያዝ

የእግር አያያዝ ሲባል፣ በስኳር ሕመም ሕክምና፣ ሕመምተኛው በየቀኑ እግሩን የሚታጠብበት፣ የሚያደርቅበት፣ የሚያይበትና የሚጫማበት ሥርዓት ማለት ነው። ሐኪሞች ከመርፌውና ከክኒኑ ጋር አብረው ያዙታል፤ በተግባር ግን ብዙ ጊዜ በጥድፊያ ተነግሮ ይታለፋል። «እግርህን ጠብቅ» የተባለ ሰው ከምን እንደሚጠብቀው ካልተነገረው፣ ቤቱ ገብቶ የሚያደርገው እግሩን በሙቅ የጨው ውሃ መዘፍዘፍ ይሆናል። ይህ ደግሞ ከሚከለከሉት ነገሮች አንዱ ነው።

ጉዳቱ እንዴት እንደሚመጣ

የደም ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ ነርቮችንና የደም ሥሮችን ይጎዳል። ቀድመው የሚጎዱት ረጃጅሞቹ ነርቮች ስለሆኑ ችግሩ ከእግር ጣቶች ጫፍ ይነሣና ካልሲ በሚያርፍበት ልክ ወደ ላይ ይወጣል። መጀመሪያ ማቃጠል፣ መውጋት፣ ጉንዳን የሚርመሰመስ መምሰል አለ፤ ሌሊት ይብሳል። ከዚያ ስሜቱ እየራቀ ይሄዳል። ብዙ ሰው «ተሻለኝ» የሚለው በዚህ ጊዜ ነው፤ ማቃጠሉ የቀረው ግን ነርቩ ስለዳነ ሳይሆን ጭራሽ ስለደነዘዘ ሊሆን ይችላል። ጭራሽ ምንም ሳያቃጥለው የደነዘዘም አለ።

ጉዳቱ በስሜት አያበቃም። የእግርን ጡንቻዎች የሚያዝዙት ነርቮች ሲደክሙ ጣቶች እንደ አሞራ ጥፍር ይታጠፋሉ፤ የሰውነት ክብደትም ከጣቶች ሥር ባለው የውስጥ እግር ክፍል ላይ ያርፋል፣ ቆዳውም ይደድራል። ላብ የሚያስወጡት ነርቮች ሲጎዱ ደግሞ እግር ይደርቃል፤ ተረከዝ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም ለተሕዋስያን በር ይሆናል። የደም ሥር ከጠበበ የተከፈተው ቁስል ቶሎ አይጠግግም።

ስኳር ካለባቸው ሰዎች ከ19 እስከ 34 በመቶ የሚሆኑት በሕይወት ዘመናቸው አንድ ጊዜ የእግር ቁስል እንደሚገጥማቸው ይገመታል። ቁስሉ ከዳነላቸው 100 ሰዎች ወደ 40 የሚጠጉት በአንድ ዓመት ውስጥ እንደገና ይቆስላሉ። በዚህ ሕመም ምክንያት እግራቸው ከሚቆረጥ ሰዎች የአብዛኞቹ ታሪክ የሚጀምረው ከትንሽ ቁስል ነው፤ ጫማ ውስጥ የገባች ጠጠር፣ የካልሲ ስፌት፣ ከምድጃ የተፈናጠረች ፍም ትበቃለች።

ከሥጋ ደዌ ሆስፒታል የመጣ ትምህርት

ኢንሱሊን እ.ኤ.አ. በ1921 ቶሮንቶ ከተማ ከተገኘ በኋላ ሕመምተኞች ዕድሜ አገኙ፤ ከዕድሜው ጋር የእግር ጣጣ መጣ። የቦስተኑ ሐኪም ኤሊየት ጆስሊን በ1934 የስኳር ሕመምተኞች ጋንግሪን (የሥጋ መሞትና መበስበስ) አስጊ እየሆነ መምጣቱን የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ አወጡ፤ እግርን በንጽህና መያዝንም የሕክምናቸው ምሰሶ አድርገው ያስተምሩ ነበር።

የማይሰማ እግር ለምን እንደሚቆስል በደንብ የተገለጠው ግን በሌላ በሽታ በኩል ነው። ፖል ብራንድ የተባሉት ቀዶ ሐኪም ሕንድ አገር ቬሎር ውስጥ ሲሠሩ፣ የሥጋ ደዌ ሕመምተኞች ጣት የሚያልቀው ሥጋቸው በራሱ ስለሚረግፍ ሳይሆን ሕመም ስለማይሰማቸው ደጋግመው ስለሚጎዱ መሆኑን አሳዩ። በ1960ዎቹ ወደ አሜሪካ ሉዊዚያና ሲሻገሩ፣ ቁስለኛውን እግር ልክ በልኩ በጀሶ ሸፍኖ ጫናውን የማከፋፈል ዘዴ ይዘው ሄዱ፤ ዘዴው ዛሬ ለስኳር ቁስል ይውላል። አዲስ አበባም ለዚህ ዕውቀት ባዕድ አይደለችም። በ1965 እ.ኤ.አ. በተለምዶ ዘነበወርቅ በሚባለው ሰፈር የተቋቋመው የሥጋ ደዌ ሕክምና ማዕከል አለርት፣ ለደነዘዘ እግር የሚሆን ጫማ በራሱ ወርክሾፕ የሚሠራ ተቋም ነው። ለስኳር ሕመምተኛ ዛሬ የሚነገረው ምክር ለሥጋ ደዌ ሕመምተኛ ሲነገር የኖረ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም።

እጥበቱ

እግር በየቀኑ ይታጠባል፤ ውሃው ለብ ያለ፣ ከ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልበለጠ ይሁን። ሙቀቱን በእግር መለካት ዋናው ስሕተት ነው። እጅም ደንዝዞ ሊሆን ስለሚችል በክርን ወይም በሌላ የቤተሰብ ሰው እጅ ይለካል። በሳፋ ለሚታጠብ ሰው ቀዝቃዛው ውሃ ይቀድማል፤ ከማንቆርቆሪያው የሚፈላው በኋላ እየተጨመረ ይለዝባል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ፣ ቀዝቃዛው እስኪመጣ እግሩን አስቀድሞ የነከረ ሰው ቆዳው ሲላጥ እንኳ ላይሰማው ይችላል።

መዘፍዘፍ አያስፈልግም፤ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ብዙ የቆየ እግር ወዙን ያጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በጣቶቹ መካከል ያለው ቆዳ ደግሞ ነጭ ሆኖ ይሟሟል። ጨው፣ ዴቶል ወይም በረኪና መጨመር ደረቁን ቆዳ ይብስ ያደርቀዋል። ስሜት የሌለውን ተረከዝ በሻካራ ድንጋይ መፈግፈግም ሳያውቁ ማድማት ነው።

ከእጥበቱ ይልቅ የሚዘነጋው ማድረቁ ነው። ለስላሳ ፎጣ በእያንዳንዱ ጣት መካከል ይገባል፤ በተለይ በትንሿ ጣትና በጎረቤቷ መካከል፣ ፈንገስ የሚወደው ቦታ እዚያ ነውና። ከዚያ ቫዝሊን ወይም ግሊሰሪን ከላይም ከውስጥ እግርም ይቀባል፤ ጣቶች መካከል ግን አይገባም። በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ የሚያደርግ ሙስሊም እግሩን ከሌላው ሰው አብልጦ ያጥባል፤ ለእርሱ ቁም ነገሩ በየጊዜው ጣቶቹን ማድረቁና እርጥብ እግሩን ካልሲ ውስጥ አለመክተቱ ነው።

ማየትና መዳሰስ

የታጠበ እግር ይታያል። ጎንበስ ማለት ያቃተው መስታወት መሬት ላይ አድርጎ ውስጥ እግሩን ያያል። ችግሩ፣ እግርን ያደነዘዘው ሕመም ዓይንንም ማደብዘዙ ነው፤ ስለዚህ የሌላ ሰው ዓይን ይፈለጋል። ማታ ማታ ልጆች የአባታቸውን እግር የሚያጥቡበት የቀድሞው ልማድ በዚህ በኩል ሳይታሰብ የሕክምና ሥራ ይሠራ ነበር፤ ዛሬ ልማዱ በላላበት ቤት አንድ ሰው ለይቶ መመደብ ያሻል።

የሚፈለገው መቅላት፣ ውሃ የቋጠረ ቦታ፣ ስንጥቅ፣ የደደረ ቆዳ፣ ጥቁር ነጥብ፣ መግል፣ መጥፎ ጠረን ነው። በእጅ ጀርባ ሲዳሰስ አንደኛው እግር ከሌላው ጎልቶ ከሞቀ ማስጠንቀቂያ ነው፤ በጥናት የተለመደው መለኪያ በሁለቱ እግሮች ተመሳሳይ ቦታ ላይ የ2.2 ዲግሪ ልዩነት በተከታታይ ቀናት መታየቱ ነው።

ጥፍር ቀጥ ተደርጎ ይቆረጣል፤ ጥጉን ጠልቆ መቁረጥ ጥፍሩን ወደ ሥጋ ያስገባዋል። የደደረን ቆዳ በምላጭ መላጥ ወይም መድኃኒት ቤት በሚሸጥ ማቅለጫ ማንሣት አይገባም።

ጫማ፣ ምድጃና ገላ

የደነዘዘ እግር ቤት ውስጥም በባዶው አይሄድም። ጫማ ከመደረጉ በፊት ይራገፋል፣ ውስጡም በእጅ ይፈተሻል። ሲገዛ እግር ትንሽ የሚያብጥበት የከሰዓት በኋላ ጊዜ ይመረጣል፤ ከረጅሙ ጣት ፊት ከ1 እስከ 2 ሴንቲሜትር ክፍት ይተዋል። ጣት መካከል ገመድ የሚገባበት ነጠላ ጫማ ለዚህ እግር አይሆንም። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ሲገባ ጫማ ስለሚወልቅ፣ ወፍራም ንጹሕ ካልሲ ማድረግና ሲመለሱ ውስጥ እግርን ማየት ይበጃል፤ ፀሐይ የመታው የድንጋይ ንጣፍ ቆዳ ያቃጥላል።

በክረምት እግርን ለከሰል ምድጃ መስጠት ወይም የሙቅ ውሃ ላስቲክ ይዞ መተኛት ከታወቁት የቃጠሎ ምክንያቶች ነው። ፍል ውሃና ስቲምም ስሜት ለሌለው እግር ተመሳሳይ አደጋ አላቸው። ሌላም ነገር አለ፦ ኢንሱሊን ከተወጉ በኋላ ወዲያው በሙቅ ውሃ ገላ መታጠብ መድኃኒቱን ቶሎ ወደ ደም ያስገባል፤ ስኳር በድንገት ወርዶ መታጠቢያ ቤት ውስጥ መውደቅ ሊመጣ ይችላል።

ወጌሻ ዘንድ የማይወሰድ እብጠት

ቀይ፣ ሙቅና ያበጠ፣ ግን ብዙም የማያምም እግር «ወለምታ ነው» ተብሎ ብዙ ጊዜ ለወጌሻ ይሰጣል። ከሚፈሩት ነገሮች አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1868 ባጠኑት በፈረንሳዊው ሐኪም ሻርኮ ስም የሚጠራው የአጥንትና የመገጣጠሚያ መፍረስ ነው፤ ያን ጊዜ ከሌላ በሽታ ጋር ታየ፣ ከስኳር ጋር የተያያዘው በ1936 ነው። እንዲህ ያለ እግር አይታሽም፤ አይረገጥበትም፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይታያል። ቁስል፣ መግል ወይም የጠቆረ ጣትም እንዲሁ ቀጠሮ አይጠብቅም።

ጤናማ የሚመስል እግር በዓመት አንድ ጊዜ በሐኪም ይፈተሻል፤ ቀድሞ የቆሰለ ግን ከ1 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ። ሐኪሙ የእግሩን ስሜት ለመፈተን የ10 ግራም ጫና የሚያሳርፍ የናይለን ክር ይጠቀማል። ክሩ በሌለበት ቤት፣ እንግሊዝ አገር ኢፕስዊች ውስጥ የተቀመረ ፈተና አለ፦ ሕመምተኛው ዓይኑን ይጨፍናል፤ ሌላ ሰው የሁለቱንም እግሮች አንደኛ፣ ሦስተኛና አምስተኛ ጣት ጫፍ በጣቱ ለአንድ ለሁለት ሰከንድ ቀለል አድርጎ ይነካል። ከስድስቱ ሁለቱ ካልተሰሙ እግሩ ስሜት ማጣት ጀምሯል ማለት ነው። መጫን፣ ማሸት የለም፤ ያልተሰማው ጣትም ሁለተኛ አይነካም።