አዲስ አበባ ለእንግዳ ሰላም ናት ወይ? ታሪክ ምን ይላል?

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ጊዜ ስታገኙ አንብቡት።

ሰሞኑን በውስጥ መስመር አንድ ዓይነት ጥያቄ በዝቶብኛል። ውጭ አገር ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ "ቲቸር፣ የሥራ ጓደኞቼ ኢትዮጵያን ማየት ይፈልጋሉ። አዲስ አበባ ሰላም ነው? ደግሞስ ይህን ሁሉ ገንዘብ አውጥተው የሚያዩት ነገር አለ?" ትሉኛላችሁ። እዚያው አዲስ አበባ በሹፌርነት፣ በአስጎብኚነት፣ በሆቴል ሥራ የምትተዳደሩት ደግሞ "ወሬው እንግዳ አስቀረብን" ትላላችሁ። "ሁሉም ሰላም ነው፣ ኑ" ብዬ ሰው ቢጎዳ ዕዳው የእኔ ነው። "አትምጡ" ብዬ ደግሞ ያስተማርኩትን ልጅ እንጀራ መዝጋት አልፈልግም።

እንግዲህ የታሪክ መምህር ነኝና በማውቀው መንገድ ልመልስ። ጥያቄው አዲስ አይደለም። ወደ አገራችን ከተሞች የመጣ የውጭ ሰው ሁሉ ከመነሳቱ በፊት ጠይቆታል። መልሱ ምን እንደሆነ በተግባር ያዩ ሰዎች ታሪክ ስላለ ከዚያ እንጀምር። (ካልጠቀስኩ በስተቀር ዓመቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።)

በድሮ ጊዜ ወደ ንጉሥ ከተማ የሚመጣ የውጭ ሰው ሆቴል አይፈልግም፤ ሆቴል የሚባል ነገርም አልነበረም። ከቤተ መንግሥት ባልደረባ ይመደብለታል። ዛሬ "የሥራ ባልደረባ" የምንለው ቃል ያኔ ከበድ ያለ ነበር። ባልደረባ ማለት እንግዳውን የሚቀበል፣ ጉዳዩን ለንጉሡ የሚያቀርብ፣ ስለ እርሱም የሚጠየቅ ሰው ነው። ቀለቡ ደግሞ ድርጎ ይባላል፤ እንጀራው፣ ጠጁ፣ በጉ ከግቢ ይወጣለታል። እንግዳው ከተማው ውስጥ ቢዘረፍ የሚያፍረው ንጉሡ ራሱ ነው። ጥበቃው ግን ዋጋ ነበረው፤ ያለ ፈቃድ መውጣት የለም። ፔሮ ዳ ኮቪልያ የተባለው የፖርቱጋል መልእክተኛ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ መጥቶ መሬት ተሰጠው፣ ሚስት አገባ፣ ተከበረ። ወደ አገሩ ግን አልተመለሰም። በፈረንጆቹ 1520 የመጡት የአገሩ ሰዎች እዚሁ አገኙት።

አሁን ወደ እኛ ሰፈር እንምጣ። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የሸዋ ትልቁ ከተማ አንኮበር ነበረች። ዮሐን ክራፍ የሚባል ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ በ1831 ዓ.ም. መጥቶ ሦስት ዓመት ያህል ሸዋ ውስጥ ተቀመጠ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ በካፒቴን ሃሪስ የሚመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን መጣና በኅዳር 1834 ዓ.ም. ከንጉሡ ጋር ውል ተፈራረመ። እነዚህ ሰዎች አንኮበር ላይ ክርክርም፣ ሐሜትም፣ መሰልቸትም ገጥሟቸዋል፤ ነገር ግን በሰላም ኖረዋል።

ክራፍ ችግር የገጠመው ከከተማው ሲወጣ ነው። በመጋቢት 1834 ዓ.ም. ከአንኮበር ተነስቶ ወደ ሰሜን ጉዞ ጀመረ። በእኛው በመንዝ በኩል አለፈ፤ ሰላ ድንጋይ ላይ የንጉሡ እናት ወይዘሮ ዘነበወርቅ በደንብ አስተናገዱት። የሸዋን ግዛት አልፎ ወሎ ሲገባ ግን አዳራ ቢሌ የሚባል የአካባቢው ሹም መጀመሪያ በጥሩ ተቀብሎት ኋላ ያዘውና ያለውን ሁሉ ዘረፈው። ክራፍ ምጽዋ የደረሰው በሰው ምጽዋት እየተረዳ ነው። ያው ሰው፣ በዚያው ወር፤ ከተማው ላይ እንግዳ፣ መንገዱ ላይ ምርኮኛ ሆነ።

ሁለተኛው ምሳሌ ሐረር ነው። በዚያ ዘመን ሐረር ለክርስቲያን አውሮፓዊ ዝግ ከተማ ነበረች፤ "ክርስቲያን የገባባት ቀን ትወድቃለች" የሚል ንግር ነበር። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን የዓረብ ነጋዴ መስሎ ጉዞውን ጀመረ፤ መጨረሻ ላይ ግን ማንነቱን ገልጦ በ1847 ዓ.ም. ገባ። አሚር አሕመድ ተቀበሉት፤ አሥር ቀን ቆየ፤ ፈርቶ ነበር፣ የነካው ግን የለም። ከጥቂት ወራት በኋላ በርበራ ባሕር ዳር ላይ ድንኳን ጥሎ ሳለ በሌሊት አደጋ ተጣለበት። አንዱ ጓደኛው ተገደለ፤ እሱም ጉንጩን በጦር ተወጋ። የተፈራው ከተማ አሳልፎት፣ ያልተፈራው ባሕር ዳር ደሙን አፈሰሰው። ያቺ "የተከለከለች" ሐረር ደግሞ በ1998 ዓ.ም. ጀጎል በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖላት ዛሬ ሰው ጅብ ሲመገብ ለማየት ይሄድባታል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ትምህርት ይኸው ነው፤ ከተማውንና መንገዱን ለይታችሁ ጠይቁ። "ኢትዮጵያ ሰላም ናት ወይ?" የሚለው ጥያቄ ሁለቱን ስለሚደባልቅ ማንም በትክክል ሊመልሰው አይችልም።

ወደ አዲስ አበባ ስንመጣ የባልደረባው ቦታ በሆቴል ተተካ። እቴጌ ጣይቱ በ1898 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ ያቋቋሙት ሆቴል የከተማዋ የመጀመሪያው ሆቴል ነው። ይሄ ቀላል ለውጥ አይደለም። እኛ አገር "የመሸበት የእግዜር እንግዳ" ይስተናገዳል እንጂ ለእራትና ለመኝታ ይከፍላል ብሎ ነገር አልነበረም። ባቡሩም በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ከጅቡቲ ሳምንታት ይፈጅ የነበረው የቅፍለት ጉዞ ሦስት ቀን ሆነ። ማለትም ከተማዋ በአንድ ትውልድ ውስጥ ሁለቱንም አሟላች፤ ማደሪያውንም መንገዱንም።

ታዲያ አዲስ አበባ ራሷ ለእንግዳ አደገኛ የሆነችበት ጊዜ የለም? አለ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. በባቡር ወጡ። ጣሊያን የገባው ሚያዝያ 27 ነው። በእነዚያ ሦስት ቀናት ከተማዋ ተዘረፈች፣ ተቃጠለች፤ የውጭ ዜጎች በየኤምባሲው ግቢ፣ በተለይ በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ተጠልለው ሰነበቱ። ሕዝቡ ያው ሕዝብ፣ ሰፈሩ ያው ሰፈር ነው። የተለወጠው ነገር አላፊ የሚሆን አካል መጥፋቱ ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ትምህርት፤ የከተማ ሰላም ቀን አለው። የዛሬ ዓመት የሰማችሁት ለዛሬ አይሠራም፤ ክፉውም ደጉም።

ሦስተኛው ነገር ይከብዳል፤ ግን መዝለል አልችልም። ሰላም ለማን? የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ ለሦስት ቀን የተፈጸመውን ጭፍጨፋ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ኢትዮጵያ በኋላ ያቀረበችው የሟቾች ቁጥር 30,000 ነው። በፈረንጆቹ 1938፣ ማለት ከጭፍጨፋው ዓመት ገደማ በኋላ፣ የኢጣሊያ የቱሪስት ማኅበር ስለ "ጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካ" ወፍራም የጉዞ መምሪያ መጽሐፍ አሳተመ። መንገዱ፣ ሆቴሉ፣ የሚታየው ነገር ሁሉ ተዘርዝሮበታል። ለጣሊያናዊው ጎብኚ ከተማዋ ተመቻችታ ነበር፤ ልጁን ለቀበረው አዲስ አበቤ ግን? በ1970 ዓ.ም. ማብቂያም ላሊበላና የሰሜን ተራሮች በዩኔስኮ መዝገብ ሲሰፍሩ አዲስ አበባ ገና ከቀይ ሽብር ደም አልደረቀችም። "የሚያይ ነገር አላት" እና "ሰላም ናት" ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

በመሀል ደግ ጊዜም ነበር። በ1950 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫውን አዲስ አበባ አደረገ። በግንቦት 1955 ዓ.ም. 32 የአፍሪካ አገሮች የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን እዚሁ መሠረቱ። በዚያው ዘመን የቱሪዝም መሥሪያ ቤቱን ያቋቋሙት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ "የ13 ወር ፀጋ" የሚለውን መፈክር ይዘው አገሪቱን ለዓለም አስተዋወቁ። በረሃብና በጦርነት ስሟ ከመጠራቱ በፊት ኢትዮጵያ በዚህ ትታወቅ ነበር።

ከዚያ በኋላም ግን የመንገዱ ነገር አልቀረም። ሰኔ 19 ቀን 1987 ዓ.ም. የግብጹ ፕሬዚዳንት ሆስኒ ሙባረክ የግድያ ሙከራ የተደረገባቸው ከቦሌ ኤርፖርት ወደ ስብሰባው ሲሄዱ መንገድ ላይ ነው። ጥይት የማይበሳው መኪናቸው ዞሮ ወደ ኤርፖርት መለሳቸው፣ ወደ ካይሮም በረሩ። ከተማዋ ግን የአፍሪካ መቀመጫነቷን አላጣችም።

የቅርቡን ደግሞ አብረን አይተነዋል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ሲደርስ የአሜሪካ ኤምባሲ ዜጎቹን "ቶሎ ውጡ" አለ። ብዙም ሳይቆይ መንግሥት ዲያስፖራውን "አንድ ሚሊዮን ሆናችሁ ለገና ኑ" አለ። አንዱ ውጡ፣ ሌላው ግቡ፤ ያቺው አንድ ከተማ። ሁለቱም የየራሳቸው ምክንያት ነበራቸው። ኤምባሲ አንድ ዜጋው ቢሞት ይጠየቃል፣ እንግዳ ቢቀር ግን የሚጠይቀው የለም፤ ስለዚህ አብዝቶ ያስጠነቅቃል። መንግሥት ደግሞ ገጽታውንና የውጭ ምንዛሪውን ያስባል፤ ስለዚህ አብዝቶ ይጋብዛል። ሁለቱንም አንብቡ፤ ለሁለቱም ግን ፍርዳችሁን አታስረክቡ።

እሺ ቲቸር፣ መልሱን ንገረን ካላችሁ እነሆ።

አዲስ አበባ መታየት ይገባታል። ሁለት ሙሉ ቀን አትበቃም። ብሔራዊ ሙዚየም ከሐዳር የመጣችው የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ድንቅነሽ አለች። ስድስት ኪሎ የየካቲት 12 ሐውልት፣ ከፊት ለፊቱ በቀድሞው ቤተ መንግሥት ውስጥ የዩኒቨርሲቲው ሙዚየም አለ። መስቀል አደባባይ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ፣ ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ መታሰቢያ፣ እንጦጦ ዳግማዊ ምኒልክ የነገሡባት ማርያም። ልብ በሉ፣ ከላይ የነገርኳችሁን ክፉ ቀን ሁሉ ከተማዋ ራሷ አልደበቀችም፤ በር ከፍታ ታሳያለች። ከዚያ ሽሮ ሜዳ ወርዶ ጥበብ መግዛት ነው።

ከተማዋ ውስጥ ያለው የዕለት ተዕለት ስጋት በብዙ ትልልቅ ከተሞች ያለው ዓይነት ነው። መርካቶና ፒያሳ ግርግር ውስጥ ኪስ አውላቂ አለ፤ ስልክ ይነጠቃል። "እንግሊዝኛ ልለማመድ" ብሎ ተጠግቶ ቡና ጋብዞ፣ መጨረሻ ላይ ጉድ የሚያሰኝ ሒሳብ የሚያስመጣ ጎረምሳ አለ። ሲመሽ በእግር ከመሄድ በስልክ የሚጠራ ታክሲ ይሻላል። ይሄ የሚያስጠነቅቅ እንጂ የሚያስቀር አይደለም።

መንገዱ ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን ያለውን ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። እንግዳችሁ አዲስ አበባን አይቶ "በመኪና ወደ ሰሜን ልውጣ" ካለ፣ በዚያው ሳምንት በዚያው መንገድ የተመላለሰ ሾፌር ጠይቁ። እሱ "አይሆንም" ካለ አይሆንም፤ አትከራከሩት። ይህን ስል ጓሳን እያሰብኩ ነው። አያቶቻችን ሣሩን በሥርዓት ጠብቀው ያቆዩልን፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚታይበት የመንዝ ጓሳ እንግዳ ቢያገኝ ከማንም በላይ ደስ የሚለኝ እኔ ነኝ። ግን የጓሳ እንግዳ በታርማበር ነው የሚመጣው፤ ክራፍ ላይ የደረሰው በማንም ላይ እንዲደርስ አልፈልግም።

አንድ ነገር ልጨምር። እንግዳ ስንል ፈረንጅ ብቻ አይምሰለን። 12ኛ ክፍል ጨርሶ ከራቤል አውቶቡስ የሚሳፈር ልጅም ለአዲስ አበባ እንግዳ ነው። ወላጆቹ ትምህርት ቤት መጥተው "ከተማው ልጄን አይውጥብኝም?" ብለው የሚጠይቁኝ ይህንኑ ጥያቄ ነው። ለእነሱም የምመልሰው ያው ነው። ማን ይቀበለዋል? መንገዱ ዛሬ እንዴት ነው? ከተማው ለእንደ እሱ ዓይነት ሰው አሁን እንዴት ነው? ፈረንጁ ሆቴልና ኤምባሲ አለው፤ የእኛ ልጅ ያለው አንድ የዘመድ ስልክ ቁጥር ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ያላችሁ የራቤልና የመንዝ ልጆች፣ ከውጭ ለሚመጣው እንደምትሆኑት ሁሉ ከአገር ቤት ለሚመጣውም ባልደረባ ሁኑ።

በዚህ ሳምንት ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ መሐል ሜዳ የተጓዛችሁ ካላችሁ ያያችሁትን ከታች ጻፉልን፤ እንግዳ ይዞ ለሚመጣ ሰው ከእኔ ጽሑፍ ይልቅ የእናንተ አንድ መስመር ይጠቅመዋል።

ሰላም ሁኑልኝ። ከራቤል።