ባሕሩን በወረቀት ላይ ያደረቀችው ሴት

እስቲ ጆሮ ስጡኝ፤ የማሪ ታርፕን ነገር ላውጋችሁ። ዘመኑን የምቆጥረው እንደ ፈረንጆቹ ነው።

ማሪ በ1920 በአሜሪካ፣ በሚሺጋን ግዛት፣ ይፕሲላንቲ በምትባል ከተማ ተወለደች። አባቷ የመንግሥት አፈር ቀያሽ ነበሩ። የየአካባቢውን አፈር እየመረመሩ ካርታ ይሠራሉ። ሥራው አንድ ቦታ አያስቀምጥምና ቤተሰቡ ጓዙን ጠቅልሎ ይከተላቸዋል። ልጅቷም ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት እየተዘዋወረች አደገች። ካርታ እንግዲህ ከልጅነቷ ያየችው የአባቷ እንጀራ ነው።

ግን ለሴት ልጅ ማን ካርታ ሊሰጥ! አስተማሪ፣ ነርስ ወይም ጸሐፊ ሁኚ በሚባልበት ዘመን በኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛና ሙዚቃ ተማረች። በ1943 ስትመረቅ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወንዶቹን ጠራርጎ ወስዷቸዋል። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የጂኦሎጂ ክፍል ወንበሩ ባዶ ሲቀርበት ሴቶችን መቀበል ጀመረ፤ የተመረቀ በነዳጅ ኩባንያ ሥራ ያገኛል የሚል ማስታወቂያም ለጠፈ። ማሪ ማስታወቂያውን አይታ ተመዘገበች። ጦርነት ደግ ሆኖ አይደለም፤ ሰው ስላጣ ነው በሩን የከፈተላት።

እንደተባለውም በተልሳ ከተማ በነዳጅ ኩባንያ ተቀጠረች። ወንዶቹ መስክ ይወጣሉ፤ እሷ ቢሮ ተቀምጣ ካርታና መረጃ ታሰናዳለች። በጎን ሒሳብ ተምራ ሌላ ዲግሪ ያዘች። በ1948 ደግሞ ኒው ዮርክ፣ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ገባች። እዚያ ብሩስ ሂዘን ከሚባል ወጣት ተመራማሪ ጋር ተጣመረች። አብረው ከሠሯቸው የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ በጦርነቱ ወድቀው የቀሩ አውሮፕላኖችን ከፎቶግራፍ ላይ መፈለግ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። መርከብ ሲጓዝ ወደ ታች ድምፅ ይልካል፤ ድምፁ የባሕሩን ወለል መትቶ እንደ ገደል ማሚቶ ይመለሳል። ድምፅ በውኃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ያህል ይሄዳልና የሄደበትና የተመለሰበት ጊዜ ለሁለት ተካፍሎ በፍጥነቱ ሲባዛ ጥልቀቱ ይታወቃል። ሂዘን በመርከብ እየዞረ ልኬቱን ያመጣል። ማሪ መርከብ ላይ መውጣት አይፈቀድላትም፤ ሴት ነቻ! ከወደብ ቀርታ ቁጥሩን አንድ በአንድ በወረቀት ላይ ትነቅሳለች።

በ1952 ሰሜን አትላንቲክን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጡ የወለሉን የጎን ገጽታ የሚያሳዩ ስድስት ምስሎችን ሠርታ አንዱን ከሌላው በታች ደረደረቻቸው። ከፍታውን ከርዝመቱ 40 ጊዜ አጉልታ ነው የሣለችው። በውቅያኖሱ መሐል የተዘረጋው ተራራ በሁሉም ላይ አለ፤ ጫፉ ግን ከምስል ምስል ይለያያል። የማይለወጠው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፦ በተራራው አናት ላይ፣ ልክ መሐሉ ላይ፣ ጠለቅ ያለ ስንጥቅ። ስምጥ ሸለቆ! ወለሉ እዚያ ጋ እየተቀደደ ነው ማለት ነው። ይህ ደግሞ አህጉሮች ይንቀሳቀሳሉ እንደማለት ነው፤ በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ሐሳብ የሚያስቅ ነበር። ሂዘን የሴት ወሬ ነው ብሎ አጣጣለው።

ማሪ አልተከራከረችም፤ ሥራዋን ቀጠለች። ከጎኗ ባለው ጠረጴዛ ሃዋርድ ፎስተር የሚባል መስማት የተሳነው ሠዓሊ በባሕር ውስጥ የደረሱ የመሬት መንቀጥቀጦችን በነጥብ በነጥብ እያስቀመጠ ነበር፤ ሥራው የስልክ ኬብል የሚዘረጋበትን ቦታ ለመምረጥ ነው። ሁለቱ ካርታዎች በአንድ ልኬት የተሠሩ ናቸውና ከሥር መብራት በሚበራበት ጠረጴዛ ላይ አደራረቧቸው። ነጥቦቹ ተሰልፈው በማሪ ሸለቆ ውስጥ ገቡ። ሂዘን አመነ፤ ለማመን ግን ወራት ፈጀበት።

እዚህ ላይ ጦርነት ሁለተኛ መጣ፤ ይኸኛው ቀዝቃዛው ነው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ጥልቀትን በቁጥርና በመስመር የሚያሳይ ዝርዝር ካርታ ምስጢር ነው፣ አይታተምም አለ። ሰርጓጅ መርከብ የሚደበቅበት ቦታ ለጠላት ይገለጻላ! ሁለቱ ምን አደረጉ? ቁጥሩን ትተው፣ ባሕሩ ቢደርቅ ከአውሮፕላን ላይ የሚታየውን ተራራና ገደል በብዕር ሣሉት። የሰሜን አትላንቲኩ በ1957 ታተመ። ዝርዝሩ ካርታ ቢፈቀድ ኖሮ የሚያነበው ባለሙያ ብቻ ነበር፤ ይኸኛውን ግን ሕፃን ልጅም አይቶ ይገባዋል። ካዝና ሊቆለፍበት የነበረው እውቀት የሕዝብ የሆነው በዚህ መንገድ ነው።

ምስጋናው ግን ዘገየባት። በ1956 ግኝቱ በይፋ ሲነገር ከሂዘን ጋር የተጠራው የአለቃቸው የሞሪስ ዩዊንግ ስም ነው። በኋላ ሂዘንና ዩዊንግ ሲጣሉ ዳፋው ለማሪ ተረፈና ከቤቷ ሆና መሥራት ግድ ሆነባት። በ1977 ሂዘን አይስላንድ አጠገብ በሰርጓጅ መርከብ ውስጥ እንዳለ በልብ ሕመም ሞተ። በዚያው ዓመት ኦስትሪያዊው ሠዓሊ ሃይንሪክ ቤራን በቀለም ያሸበረቀው የዓለም ውቅያኖስ ወለል ካርታቸው ወጣ። ሸለቆው ያለበት ተራራ ዓለምን እንደ ልብስ ስፌት ዞሮ ሲይዛት ሁሉም አየ።

ይህ ነገር የሩቅ ወሬ እንዳይመስላችሁ። ማሪ የባሕሩን ስንጥቅ ስታይ ማመሳከሪያ የሆናት የምሥራቅ አፍሪካው ስምጥ ሸለቆ ነው። ስፌቱ በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል መጥቶ ወደ አፋር ይወጣል። በመስከረም 2005 በዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም መስመር መሬቱ እስከ 8 ሜትር ተራራቀ። የሴት ወሬ የተባለውን አፋር በራሱ መሬት መሰከረለት። ማሪ ያኔ የ85 ዓመት አሮጊት ነበረች፤ በቀጣዩ ዓመት አረፈች።

ከማረፏ በፊት ግን አንድ ትልቅ ሥራ ሠርታለች። የዕድሜ ልክ ካርታዎቿንና ማስታወሻዎቿን፣ የሂዘንንም ጨምራ፣ ለአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሰጠች፤ የፈለገ ገብቶ ያያቸዋል። ቤተ መጻሕፍቱም በ1997 ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አራት ታላላቅ ካርታ ሠሪዎች አንዷ ብሎ አከበራት። ዛሬም በመሣሪያ በዝርዝር የተለካው የውቅያኖስ ወለል ከሩብ ብዙም አይዘልም፤ አንዳንዱም ልኬት እስካሁን በየአገሩ ባሕር ኃይል እጅ ተቆልፎ አለ። ቁልፉን የያዙ ሰዎች ከማሪ የሚማሩት ነገር አላቸው።