የአደራ ቤት፦ «ፎስተር»ን በአማርኛ ምን እንበለው?

ልጁ ስልኩን ዘግቶ «ውሻዋ መጠለያ ውስጥ የለችም፤ ፎስተር ሆም ናት አሉኝ» ይላል። ከአዲስ አበባ ለጥየቃ የመጡት አያቱ «ምን ቤት ናት አሉህ?» ብለው ይጠይቃሉ። ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ባለ የሐበሻ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ሲነሣ እናት መሀል ገብታ ትተረጉማለች፦ «የማደጎ ቤት ማለቱ ነው።» አያት ግን አይዋጥላቸውም። «ማደጎ ከተሰጠችማ ባለቤት አገኘች ማለት ነው። ታዲያ እናንተ የሰው ውሻ ልትወስዱ ነው?»

አያት ትክክል ናቸው፤ የተሳሳተው ትርጉሙ ነው።

ፎስተር ማለት የተጣለ፣ የጠፋ ወይም ከክፉ አያያዝ የተወሰደ እንስሳ ቋሚ ባለቤት እስኪያገኝ ድረስ በፈቃደኛ ሰው ቤት የሚቆይበት አሠራር ነው። ፈቃደኛው ያበላል፣ ያስታምማል፣ ከቤት ኑሮ ጋር ያለማምዳል። እንስሳው ግን የእሱ አይደለም። ኃላፊነቱ እንስሳውን በአደራ በሰጠው የእንስሳት ማኅበር እጅ ይቆያል፤ የሕክምናውንም ወጪ ብዙ ጊዜ የሚሸፍነው ማኅበሩ ነው። እንግዲህ የምንፈልገው ቃል ሦስት ነገር መያዝ አለበት፦ ጊዜያዊነትን፣ ባለቤት አለመሆንን፣ መጨረሻ ላይ ማስረከብን።

አፋችን ላይ ቀድመው የሚመጡት ቃላት ይህን ሁሉ አይዙም። «ጉዲፈቻ» ከኦሮምኛ የመጣ፣ በሕግም ቦታ ያለው ቃል ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጉዲፈቻ ልጅን እንደ ጉዲፈቻ አድራጊው ልጅ ይቆጥረዋል፤ ስለዚህ ለሰው ልጅ መተው ይሻላል። «ማደጎ»ም ለዘለቄታው የሚደረግ ነገር ነው፤ ውሻዋን በመጨረሻ ለሚወስዳት ቤተሰብ እንጂ ለመሸጋገሪያው ቤት አይሆንም። «ሞግዚት» ልጅ ጠባቂን ያስታውሳል። «መጠለያ» ደግሞ ብዙ ውሾች በየክፍላቸው የሚጮኹበት ሌላ ስፍራ ነው።

የቀረው «አደራ» ነው። አደራ የተቀበለ ሰው ዕቃውን ይጠብቃል እንጂ የራሱ አያደርገውም፤ ባለቤቱ ሲመጣ ያስረክባል። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» የምንለውም ለዚህ ነው። ስለዚህ ፎስተር ሆምን «የአደራ ቤት»፣ ፈቃደኛውን «አደራ ተቀባይ»፣ ውሻዋን «የአደራ ውሻ» እንበል። በመጨረሻ የሚወስዳት ሰው «ማደጎ ወሰዳት» ይባል፤ ማደጎ ያኔ ቦታውን ያገኛል።

ልዩነቱ ከቃል ያለፈ መሆኑ የሚታየው ውሻዋ ድንጉጥ ስትሆን ነው። «ድንጉጥ» ያልኩትም በምክንያት ነው። «ዓይን አፋር» የሰው ጨዋነት ነው፤ «ፈሪ» ስድብ ይመስላል። ድንጉጥ ውሻ ግን ዘበኝነት ያቃታት ሳትሆን ዓለሙ ሁሉ በድንገት የሚመጣባት ናት።

ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2007 ቨርጂኒያ ውስጥ የአሜሪካን ፉትቦል ኮከብ ከነበረው ከማይክል ቪክ ይዞታ 50 ያህል የፍልሚያ ውሾች ተያዙ። እስከዚያ ድረስ እንዲህ ያሉ ውሾች አደገኛ ናቸው ተብለው በአብዛኛው ይገደሉ ነበር። እነዚህ ግን አንድ በአንድ ሲመረመሩ ብዙዎቹ ከቁጣ ይልቅ ፍርሃት የገዛቸው ሆነው ተገኙ። ሰው ሲጠጋቸው እንደ ቂጣ ከወለሉ ጋር ይለጠፉ ነበር። 22ቱ ዩታ ወደሚገኘው የቤስት ፍሬንድስ የእንስሳት ማቆያ ተላኩ፤ ሌሎቹ በየማኅበራቱ በኩል ተከፋፈሉ፤ ብዙዎቹም የአደራ ቤት ገቡ። ከመካከላቸው ጆኒ ጀስቲስ የተባለው ከጊዜ በኋላ ሕፃናት መጽሐፍ እያነበቡለት ንባብ የሚለማመዱበት ውሻ ሆነ።

መጠለያ እንዲህ ያለ ለውጥ ለማምጣት ይቸገራል። ጩኸቱ፣ የማያቋርጠው እግር፣ በየሰዓቱ የሚቀያየረው ፊት ድንጉጥ ውሻን ይብሱን ጥግ ያስይዛታል። በአደራ ቤት ግን ማታ ማታ የምትሰማው ያንኑ የሳህን ድምፅና ያንኑ ሰው ነው። አደራ ተቀባይዋም ማንም ሐኪም ሊያውቀው የማይችለውን ታውቃለች፦ ውሻዋ መጥረጊያ ስታይ አልጋ ሥር እንደምትገባ፣ ደረጃ ለመውረድ እንደምትፈራ፣ ሌላ ውሻ አብሯት ካለ ግን እንደምትደፍር።

ማደጎ ልትወስዷት አስባችሁ ልትጠይቋት ስትሄዱ የምታዩት ከሶፋ ኋላ ብቅ ያለ አፍንጫ ብቻ ሊሆን ይችላል። አደራ ተቀባይዋ «አትዩአት፤ ቁጭ በሉ» ትላችኋለች። ወለሉ ላይ ጎናችሁን ሰጥታችሁ ትቀመጣላችሁ፤ የተቀቀለ ዶሮ ትንሽ ትንሽ እየቆረሳችሁ ራቅ አድርጋችሁ ትጥላላችሁ፤ የራሳችሁን ወሬ ትቀጥላላችሁ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ጫማችሁን አሽትታ ከተመለሰች የዚያ ቀን ሥራ በቂ ነው። እጅ ዘርግቶ ለመዳሰስ አትቸኩሉ፤ ሌላ ቀን ተመለሱ።

ቤታችሁ ስትገባም ትዕግሥቱ ይቀጥላል። በውሻ ወዳጆች ዘንድ የሚነገር ልማዳዊ ቀመር አለ፦ ድንጋጤው እስኪበርድ 3 ቀን፣ የቤቱን ሥርዓት እስክትለምድ 3 ሳምንት፣ ቤቴ ነው እስክትል 3 ወር። ድንጉጥ ውሻ ከዚህም በላይ ልትፈልግ ትችላለች። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትልቁ አደጋ ማምለጥ ነው፤ ወደ ኋላ ስታፈገፍግ ተራ የአንገት ማሰሪያ በጭንቅላቷ ሾልኮ ይወጣል። ስለዚህ ሲሳብ የሚጠብቅ ማሰሪያ ይደረግላት፤ የውጭ በር ሲከፈት ትያዝ። ካልተስማማችሁም መንገድ ላይ አትጣልም፤ ብዙ ማኅበራት በውላቸው ላይ ወደ እነሱ እንድትመለስ ይጠይቃሉ። አደራ እንዲህ ነው፤ እስከ መጨረሻው መመለሻ አለው።

አንድ ቃል ይቀራል። አንዳንድ አደራ ተቀባይ ውሻዋን ለማስረከብ አንጀቱ እምቢ ይለውና ራሱ ያስቀራታል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ይህን «ፎስተር ፌይል» እያሉ ይቀልዱበታል፤ አደራውን መወጣት ያቃተው እንደማለት። እኛ ከዚህ የተሻለ የተዘጋጀ ቃል አለን፦ «አደራ በላ»። በሌላ ቦታ ከባድ ነቀፋ ነው፤ እዚህ ግን ማኅበሩም ውሻዋም የሚደሰቱበት፣ ማንም የማይከሰስበት ብቸኛው አደራ በላነት ሊሆን ይችላል።

አያት «ምን ቤት ናት አሉህ?» ብለው እንደገና ቢጠይቁ መልሱ «በአደራ ሰው ቤት ተቀምጣለች» ነው። ሌላ ማብራሪያ አያስፈልጋቸውም።