የካርቱም መድኃኒት ቤቶችና ተዘዋዋሪው ፈንድ

ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ በሚገናኙባት በካርቱም የከፍተኛ ትምህርትና የመድኃኒት ታሪክ ከመነሻቸው የተሳሰሩ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1902 በተከፈተው የጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ ውስጥ፣ የመድኃኒት አምራቹ ሄንሪ ዌልካም በለገሰው መሣሪያ የሐሩር በሽታዎች ላቦራቶሪ ተቋቁሞ በአንድሪው ባልፎር ይመራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1924 የተከፈተው የኪችነር ሕክምና ትምህርት ቤት በ1951 ከኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ፣ ተቋሙ በ1956 የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ሆነ።

የመድኃኒት አቅርቦቱ ትልቁ ለውጥ ግን የመጣው እ.ኤ.አ. በ1989 በካርቱም ተዘዋዋሪ የመድኃኒት ፈንድ ሲጀመር ነው። ተዘዋዋሪ የተባለው፣ በመነሻ ካፒታል የተገዛው መድኃኒት በተመጣጣኝ ዋጋ ተሸጦ ገቢው የሚቀጥለውን ግዢ ስለሚሸፍን ነው፤ ይህም መድኃኒት በነጻ ሲታደል ቶሎ ባዶ ይሆን የነበረውን መደርደሪያ ዳግም ለመሙላት ታላቅ ብልሃት ነበር። ይሁን እንጂ የሱዳን ፓውንድ በወደቀ ቁጥር የትናንቱ ሽያጭ የነገውን ክምችት መግዛት ይሳነዋል፤ ድሀው ታማሚም፣ መድኃኒቱ ፊቱ ተደርድሮ እያለ፣ መክፈል አቅቶት ባዶ እጁን የመመለሱ ነገር በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 በሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ደግሞ የመዲናይቱ ማዕከላዊ መጋዘኖች ከአገልግሎት ውጭ ሆኑ፤ አቅርቦቱም ፊቱን ወደ ፖርት ሱዳን አዞረ።