«ሩም»፦ የአንድ የፍሰት ቃል ታሪክ

በእንግሊዝኛ ዛሬ እምብዛም የማይነገር «ሩም» የሚባል ቃል አለ። ከአፍንጫ ወይም ከዐይን የሚወርድን ቀጭን ፈሳሽ ያመለክታል። ምንጩ የግሪክኛው «ሬውማ» ሲሆን ትርጉሙም ፍሰት ማለት ነው። በግእዝ የሚቀርበው «ውሒዝ» ነው፤ ዐሥራ ሁለት ዓመት ደም የፈሰሳት ሴት ታሪክ በግእዙ ወንጌል የሚተረከው ከዚሁ ሥር በወጣ ግሥ ነው።

የጥንት ሐኪሞች መጥፎ ፈሳሽ ከአንጎል ወደ አፍንጫ፣ ወደ ደረትና ወደ መገጣጠሚያ ይወርዳል ብለው ያምኑ ነበር። «ሩማቲዝም» የሚለው ስም የዚህ እምነት ቅሪት ነው። ጀርመናዊው ኮንራድ ቪክቶር ሽናይደር በ1660ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ንፍጥ ከአንጎል እንደማይመነጭ ቢያስረዳም፣ መጥፎውን ፈሳሽ ከሰውነት የማስወጣቱ ሕክምና ቀጠለ። ኮሌራ አውሮፓ ሲገባ ብዙ ሐኪሞች ውኃው ያለቀበትን በሽተኛ ደሙን ይበጡት፣ የሚያስቀምጥ መድኃኒትም ይሰጡት ነበር። ስኮትላንዳዊው ቶማስ ላታ በ1832 (እ.ኤ.አ.) ጨው ያለበት ውኃ በደም ሥር ሰጥቶ ጥቂቶችን አዳነ፤ ዘዴው ግን ብዙም ሳይቆይ ተዘነጋ።

ጋይንት በነበረችበት በበጌምድርም ኮሌራ ታሪክ አለው። በ1858 ዓ.ም. በጣና ዳር በቆራጣ የሰፈረውን የዐፄ ቴዎድሮስን ሠራዊት በሽታው ሲያጠቃ፣ በንጉሡ እጅ የነበረው የእንግሊዝ ሐኪም ሄንሪ ብላንክ ሠራዊቱ ወደ ደጋው እንዲወጣ መከረ። የጠፋውን ፈሳሽ መተካት ግን በዘመኑ የተለመደ ሕክምና አልነበረም። በአፍ የሚሰጠው የስኳርና የጨው ውሑድ ኃይሉን በሰፊው ያስመሰከረው በ1971 (እ.ኤ.አ.)፣ ሕንዳዊው ሐኪም ዲሊፕ ማሃላናቢስ ከምሥራቅ ፓኪስታን የሸሹ ስደተኞችን ባከመበት ጊዜ ነው።

የ«ሩም» የሥጋ ዘመድ የሆነው «ዳያሪያ» በግሪክኛ «አልፎ መፍሰስ» ማለት ነው። አማርኛው «ተቅማጥ» ግን «አስቀመጠ» ከሚለው ግሥ ጋር የተዛመደ በመሆኑ፣ የሚያሳየው የበሽተኛውን መቀመጥ እንጂ የፈሳሹን መውጣት አይደለም። በአርብ ገበያ አንዲት እናት «ልጄን ያስቀምጠዋል» ስትል፣ ጤና ባለሙያው ከቃሉ በስተጀርባ ያለውን ፍሰት ማየት ይኖርበታል። ስንት ጊዜ እንዳስቀመጠው መጠየቅ ብቻውን አይበቃም፤ ዐይኑ መጎድጎዱን፣ የተቆነጠጠ ቆዳው ቀስ ብሎ መመለሱን፣ መጠጣት መቻሉን ማረጋገጥ ይገባል። ተቅማጡ እንዲቆም ተብሎ ውኃና ጡት የተከለከለ ሕፃን ለከፋ አደጋ ይጋለጣል። የሚድነው የፈሰሰው ሲተካለት ነው።